ልጓሙን የያዙት አባቴ ነበሩ

ጃርቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱብኝ።

የምሠራው የዱር እንስሳትን በካምራ በሚከታተል ኩባንያ ውስጥ ነው። ካምራዎቹ ግንድ ላይ ታስረው ይቀመጡና ከፊታቸው ትንፋሽ ያለው ነገር ሲያልፍ ራሳቸው ፎቶ ያነሳሉ። ፎቶውን የኩባንያው ሶፍትዌር ያየውና «ይህ ጉሬዛ፣ ይህ ድኩላ፣ ይህ ጅብ» እያለ ይለየዋል። ከዚያ ሪፖርት ይሆንና ደን እንንከባከባለን ለሚሉ ትልልቅ ድርጅቶች ይሸጣል። ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እስከ ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ያሉትን ካምራዎች የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። ባትሪ የምቀይረው እኔ፣ ጉም ያለበሰውን መስታወት የምወለውለው እኔ፣ ጦጣ የነቀለውን መልሼ የማስረው እኔ። ዘንገና ደግሞ አገሬ ነው፤ የአባቴ የድንች ማሳ ከሐይቁ ደን ጋር ድንበር ይጋራል።

በአንዱ ክረምት ሪፖርቱ ጃርት በጃርት ሆነ። ጃርት በጠራራ ቀን፣ ጃርት በገበያ መንገድ ላይ፣ ጃርት ከነግልገሏ። አዲስ አበባ ያሉት የዋናው ቢሮ ሰዎች ደስ አላቸው፤ «የአዊ ደን እያገገመ ነው» ተብሎ በስብሰባ ላይ ተነገረ። እኔ እንጅባራ ቢሯችን ውስጥ ቁጭ ብዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ጃርት የተባሉት ሰዎች ነበሩ። ዝናብ ስለነበረ ገሳ ለብሰዋል። ገሳ ለማያውቀው ሰው፣ ከሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ወገብ በታች የሚከናነቡት የዝናብ ልብስ ነው፤ ሸክም ተሸክሞ ያጎነበሰ ሰው ሲለብሰው ሣሩ ከጀርባው ላይ ይቆማል። ሶፍትዌሩ የተማረው ገሳ በሌለበት አገር ነውና ያየውን ገመተ። ከጃርቶቹ አንዷ አክስቴ ነበረች፤ ድንች ተሸክማ ወደ ገበያ ስትወርድ።

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ብቻዬን መሳቅ አይሆንልኝምና ላፕቶፑን አዙሬ ማዶ ላለችው ባልደረባዬ አሳየኋት። ስሕተቴ ይህች ናት፣ ካላችሁኝ።

ባልደረባዬ የዳንግላ ልጅ ናት። አባቷ እህል ነጋዴ ናቸው። ኮምፒውተር ተምራ ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይታ ነው የተቀጠረችው። አዊኛ አትችልም፤ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው፤ እሱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጫካ ስንገባ ከበስተኋላዬ ነበር የምትሄደው፤ ጭቃው ጫማዋን ሲያስቀርባት ጎትቼ የማወጣላት እኔ ነበርኩ። ፎቶውን ስታይ እሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጥ አድርጋ፣ «ሌላ ቦታስ እንዲህ እየተሳሳተ ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኳትና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ።

እሷ አልወጣችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገሳ የለበሰ ሰው ማደን ሆነ ሥራዋ። እየዞረች፣ እያስፈቀደች፣ አጎንብሱልኝ፣ ቀና በሉልኝ፣ እንስራ ተሸከሙልኝ እያለች ፎቶ አነሳች። አስተርጓሚዋ ማን ነበር? እኔው። አክስቴ ሁለተኛ ጊዜ ተነሳች፤ አሁን በፈቃዷ። ባልደረባዬ በፎቶዎቹ ሶፍትዌሩን አስተምራ፣ ሰውን ከጃርት እንዲለይ አድርጋ፣ በወሩ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ አቀረበችው። ኔትወርኩ እንኳ አዳላላት፤ እኔ ስናገር የሚቆራረጠው ድምፅ ለእሷ ጥርት ብሎ ሄደ። «ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው ባልደረባዬ ነው» ብላ ስሜን ጠራች። ባትጠራኝ በተሻለኝ ነበር። ካልጠራችኝ ሰረቀችኝ እላለሁ፤ ስትጠራኝ ግን ምን ልበል? ዋና ሥራ አስኪያጁ «እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምንፈልገው» አለ። ሰው ያለው ማንን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እኔ ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን አለ።

እንዲህ ያለ ኩባንያ ውስጥ መሰላል አለ። የመስክ ረዳት ሆነህ ትገባለህ፤ ባለሙያ ትሆናለህ፤ ከዚያ ከፍተኛ ባለሙያ ትባላለህ፤ ከዚያ በላይ ያለው አዲስ አበባ ነው። እኔ ከታች ጀምሬ ከፍተኛ ባለሙያ እስክባል በጭቃ ነው የወጣሁት። ዘመዶቼ ምን እንደምሠራ ሲጠየቁ «ጦጣ ፎቶ ያነሳል» ነው የሚሉት። አብረውኝ የተማሩት አንዱ ባንክ ውስጥ ቅርንጫፍ ይመራል፤ አንዱ የወረዳ ኃላፊ ነው። እኔ ጦጣ። ስለዚህ የመስክ ሥራዎች ኃላፊ የሚባለው ቦታ ሲከፈት ልቤ ዘለለ። አዲስ አበባ ነው፤ የሁሉም አካባቢ ካምራ በእሱ ሥር ነው፤ የት ይሰቀል፣ ማን ይቀጠር የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ለሁለታችን ደውሎ ከእኛ አንዳችንን እንደሚያነሳ ነገረን። ዋናው መመዘኛ ከማኅበረሰቡ ጋር ተግባብቶ መሥራት መሆኑንም ነገረን።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። መመዘኛው በልኬ የተሰፋ ልብስ መሰለኝ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለም? ቋንቋውን የምችለው እኔ፣ በየጓሮው የሚያውቁኝ እኔን፣ ውሻ እንኳ የማይጮኸው በእኔ ላይ ነው። የእህል ነጋዴ ልጅ ከእኔ ጋር በማኅበረሰብ ትወዳደር?

ግን ቅናት እርግጠኛ ለሆነ ሰውም እረፍት አይሰጥም። ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። ስትጽፍ የጣቶቿ ድምፅ ያናድደኝ ጀመር፤ እኔ አንድ ኢሜይል የማስበው እሷ ሦስት በምትልክበት ጊዜ ነው። ከዳንግላ በሚኒባስ ስትመጣ ዳቦ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ዳቦውን እየበላሁ እጠላዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲደውል መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? የስልኳ ጥሪ ሲሰማ ጆሮዬ ይቆማል። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል ጉሙን እያየች «አንተ እኮ ታድለህ፣ አገርህ ውስጥ ነው የምትሠራው» አለችኝ። አሾፈችብኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳላናግራት ዋልኩ። እሷ ራሴን ያመመኝ መስሏት ኪኒን ገዝታ አመጣችልኝ።

ከመወሰኑ በፊት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊጎበኘን እንደሚመጣ ነገረን፤ ዘንገና ሄዶ ሽማግሌዎቹን ማነጋገር ይፈልጋል። እኔ በእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ወንበር እንዳለ፣ አዲስ አበባ እንደሆነ፣ ከሁለታችን አንዳችን እንደምንሄድ፣ ሰውዬው የሚመጣውም ሕዝቡ ማንን እንደሚወድ ሊያይ እንደሆነ። አባቴ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያዳምጡ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። «ይምጣ፣ እንቀበለዋለን» አሉኝ። አባቴ ከዚህ በላይ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ተረጋግቼ ሄድኩ።

በእርግጥም ተቀበሉት። ከሐይቁ በላይ ያለው ሜዳ ላይ ወንዱም ሴቱም ነጭ በነጭ ሆኖ ጠበቀን። ማር ቀረበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጠላ ተቀዳ። ከዚያ ፈረስ መጣ። በእኛ አገር የክብር እንግዳ በእግሩ አይሸኝም፤ ፈረስ ተሸልሞ ይቀርብለታል፣ ሽማግሌ ልጓሙን ይዞ እስከ መንገዱ ያደርሰዋል። ፈረሱ የአባቴ ዳማ ነበር። ግላሱ ቀይና ቢጫ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ። ያንን ፈረስ የገራሁት እኔ ነኝ።

ልጓሙን ይዞ ያመጣው ጎረቤታችን ፈረሱን ሥራ አስኪያጁ ፊት አቆመው። ሥራ አስኪያጁ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ፈረሱን ከላይ እስከ ታች አየና አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «እኔን ወገቤ አይችልም» አለ እየሳቀ። «ከሁለቱ ልጆቼ የመረጣችሁትን አስቀምጡልኝ።» ይህን ሲል ዓይኑ ሽማግሌዎቹ ላይ ነበር። ቀልድ አልነበረም። እኔም አወቅኩ፣ እሷም አወቀች፤ ፈተናው ይህ ነው።

ጎረቤታችን ፈረሱን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። እምላለሁ፣ ወደ እኔ ነበር የዞረው፤ እግሬን እንኳ ለእርካቡ አዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። ልጓሙን ከጎረቤታችን እጅ ተቀበሉ። ፈረሱን እየሳቡ በፊቴ አልፈው እሷ ዘንድ አቆሙት።

«ይውጡ» አሏት። «አይፍሩ፣ እኔ ይዤልዎታለሁ።»

እርስዎ አሏት። እኩያዬን። እኔን ሠላሳ ዓመት «አንተ» ያሉ አባቴ።

ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅም። ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧት፤ ጋማውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። እልልታው ቀለጠ። አባቴ ልጓሙን ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በጭቃው ቀስ እያሉ መሯት። እኔ ከኋላ በእግሬ ሄድኩ። ዳማው ባሕርይ አለው፤ የማያውቀውን ሰው አንዳንዴ ያሽቀነጥራል። ጣላት፣ ጣላት አልኩ በሆዴ። በግ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ነበር። ያ ፎቶ ኋላ የኩባንያው ገጽ ላይ ወጣ፤ ከሥሩ «ባልደረባችን ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር» ይላል። የማን አባት እንደሆኑ አይልም።

እኔ ምን እንደተደረገ ገብቶኛል ብዬ አሰብኩ። በእኛ ዘንድ ሰው የራሱን ልጅ በአደባባይ አያከብርም፤ ነውር ነው። ልጄ ጎበዝ ነው አይባልም፤ እንግዳ ቆሞ ልጅ ፈረስ ላይ አይወጣም። አባቴ እሷን ያስቀመጧት ባዳ ስለሆነች ነው። እኔን ያለፉኝ የእነሱ ስለሆንኩ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይህ ነው። አዲስ አበቤው ግን ይህን ከየት ያውቃል? በመኪና ስንመለስ ደስ ብሎት ዞረና፣ «አያችሁ፣ ሕዝቡ ራሱ መረጠልኝ» አለን።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «እንደሱ አይደለም» አልኩት። «ባህላችን ነው። እንግዳ ስለሆነች ነው። ልጓሙን የያዙት አባቴ ናቸው፤ የራስን ልጅ ማክበር ነውር ነው።»

ድምፄ ከምፈልገው በላይ ቀጠነ። ለራሴ ጆሮም ደስ አላለኝም። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ይገባኛል» አለኝ። «ለማንም ቢሆን ከባድ ነው።»

እውነት ነበር የነገርኩት። ቅናትም ነበር። ሁለቱ በአንድ አፍ ሲወጡ ሰው የሚሰማው ቅናቱን ብቻ ነው።

እንጅባራ ደርሰን ሥራ አስኪያጁ ሆቴሉ ሲወርድ እሷ ወደ ኋላ ቀረችና፣ «ያልከው እውነት ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የባህሉ ነገር።»

«አዎ።»

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ። በማላውቀው ነገር መመረጥ አልፈልግም።»

«ተዪው» አልኳት። በእሷ ምልጃ ወንበር ከማገኝ ጦጣ ፎቶ ሳነሳ ባረጅ ይሻለኝ ነበር። ግን ሄዳ ነገረችው። ምን ብሎ እንደመለሰላት በማግስቱ ራሷ አፍራ ነገረችኝ። «ይህ ትሕትናሽ ነው ከሁሉ የሚበልጠው» ብሏታል። እኔ ስናገረው ቅናት የሆነው ነገር እሷ ስትናገረው ትሕትና ሆነ። እንዲህ ዓይነት ሰው እንዴት ይጠላል? ክፉ ብትሆንልኝ ምን ነበረበት? ክፉ ብትሆን ጠልቻት እተኛ ነበር።

ሹመቷ በሳምንቱ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተነገረ። ሁሉም በየመስኮቱ አጨበጨበ። እኔም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ከአንገት በላይ። እንኳን ደስ አለሽ ስላት አቀፈችኝ። «ያለ አንተ አይሆንም ነበር» አለችኝ። ይህንንም እውነቷን ነው። የእኔን ከፍተኛ ባለሙያነት አጸኑልኝና የእሷንም ሥራ ደርበው ሰጡኝ፤ ካምራው ሁሉ የእኔ ሆነ፣ ጉሙም፣ ጦጣውም።

ቅዳሜ ዘንገና ሄድኩ። አባቴ ድንች እየቆፈሩ ነበር። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥ መቆፈሪያ አንሥቼ ከጎናቸው መሬቱን መታሁት። በንዴት የሚቆፈር ድንች ይቆረጣል፤ ቆረጥኩት።

«ቀስ በል» አሉኝ።

«ወንበሩን ለእሷ ሰጧት» አልኳቸው። የምናወራው እንደ ቤታችን በአዊኛ ነው። «ፈረስ ላይ አይቷት ሕዝቡ መረጣት አለ። ባህሉን አያውቅም። ነግሬው ነበር፤ አልሰማኝም። የራስን ልጅ ማክበር ነውር ነው ብዬ ነገርኩት።»

አባቴ መቆፈር አላቆሙም። «ነውርማ ነው» አሉ።

«ምናለ ለአንድ ቀን ነውሩን ቢተዉልኝ?»

«ነውሩን መተው አያስፈልግም ነበር። ጎረቤታችን ይዞት ነበር አይደል? እሱ አባትህ አይደለም። እሱ ቢያስቀምጥህ ማንም ነውር አይለውም።»

መቆፈሪያዬን አቆምኩ። እውነት ነው። ልጓሙ በሰው እጅ ነበር። ፈረሱ ወደ እኔ ዞሮ ነበር።

«ታዲያ ለምን ተቀበሉት?»

አሁን አባቴም ቀና አሉ። እጃቸው ላይ ያለውን አፈር በሱሪያቸው ጠረጉት። «ነግረኸኝ አልነበረም እንዴ» አሉ። «አንድ ወንበር አለ፣ አዲስ አበባ ነው፣ ከሁለታችን አንዳችን እንሄዳለን ብለህ። ሰውዬው ምረጡ ሲል ገባኝ። እኔ ከብት ነኝ?»

«ገብቶዎት ነው ያደረጉት?»

«ወንድምህን ሸኘሁት፤ በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ ነው። እህትህን ዐረብ አገር ሸኘኋት፤ ድምጿም ተቀይሯል። በፈረስ የሚሸኘው የሚሄድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ በራሴ ፈረስ፣ በራሴ እጅ፣ አንተን ልሸኝ?» ሌላ ድንች ጎትተው አወጡና አፈሩን አራገፉለት። «ልጅቷ ትሂድ። ደህና ልጅ ናት።»

ይኸው ነው። ድንቹን አስጨርሻቸው፣ በከረጢት ሞልቼ፣ ቤት አድርሼላቸው ተመለስኩ። ልቆጣቸው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለሥራ አስኪያጁ ልነግረው ነበር፤ ምን ልለው? አባቴ ስለሚወዱኝ ነው ያላስመረጡኝ ልበለው? ዓመት ሙሉ ያችን ልጅ ጠላቴ አድርጌ ስቆጥር ከረምኩ፤ ለካ ከእሷ ጋር አልነበረም የተወዳደርኩት። ይህን ማወቄ ግን ቅናቴን አላበረደውም። ይልቅ አሁን የሚቀናበት ነገር በዛልኝ። እሷን ማንም አልያዛትም፤ ይህም አዲስ የሚቀናበት ነገር ሆነ።

የምትሄድበት ቀን የቢሮውን ቁልፍና ላፕቶፕ ልቀበላት ዳንግላ ወረድኩ። ቤታቸው ደጅ ጋሪ ቆሟል። አባቷ ሻንጣዋን ራሳቸው ያስራሉ፤ የእህል ጆንያ በማሰር የለመደ እጅ ነው፣ ገመዱ አይላላም። ቅቤ በቆርቆሮ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁሉም ተደርድሯል። አባትየው ይቀልዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ለመንደሩ ሰው ሁሉ «ኃላፊ ሆነችላችሁ» ይላሉ። በስሟ ሲጠሯት እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው። ልጄ ጎበዝ ናት ማለት በዳንግላ ነውር አይደለም መሰለኝ፣ ወይም እሳቸው ነውሩን ችላ ብለውታል። እኔ ሻንጣ እያቀበልኩ አያቸው ነበር። እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል እያልኩ።

በጋሪው መናኸሪያ ወሰድናት። አውሮፕላኗ ከባሕር ዳር ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ላፕቶፑን ሰጠችኝ፤ በግምጃ ቤት በኩል አንዱ ካምራ ውኃ እንዳስገባ አስታወሰችኝ፤ የማላውቀው ይመስል። ከዚያ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉና «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል» እያሉ ራሳቸው ወደ በሩ ገፏት። ረዳቱ በሩን ዘጋው። ሚኒባሱ ከመናኸሪያው እስኪወጣ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ከወጣም በኋላ አላወረዱትም።

ወደ ቤታቸው በዚያው ጋሪ ተመለስን፤ እሳቸውና እኔ። የሻንጣዋ ቦታ ባዶ ነው። ሳቃቸው እዚያው መናኸሪያ ቀርቷል። የሻንጣውን ገመድ እየጠቀለሉ «አባትህ በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«አሉ። ዘንገና ናቸው።»

«ታገኛቸዋለህ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ።»

«ታድለዋል» አሉ። አንገታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ዓመት ሙሉ የራሴ ድምፅ ነበር። «እንዳትሄድብኝ ፈልጌ ነበር እኮ» አሉኝ ፊታቸውን ሳይመልሱ። «ግን ምን ብዬ ልያዛት?»

አባቴ ምን አድርገው እንደያዙኝ አውቅ ነበር። አልነገርኳቸውም። በዚያች ልጅ እንደዚያን ቀን ቀንቼባት አላውቅም።